ቫይረሱን ከጨመርን በኋላ ፕሮቲኑ መቼ ይመጣል?

ባለፈው እሁድ ማታ፣ እዚህ ጅማ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንድ መልእክት ገባልኝ። የላከችው ለስድስት ወር ስልጠና ውጭ አገር የሄደች የማስተርስ ተማሪ ናት። «መምህር፣ ቫይረሱን ሴሎቹ ላይ ካደረግኩ 24 ሰዓት ሞላ። በማይክሮስኮፕ አየኋቸው፣ አንድም የሚያበራ ሴል የለም። ልድፋቸው ወይ?» ይላል። መልሼ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቫይረሱ የትኛው ነው? «ኤኤቪ» አለችኝ፤ ጂን ወደ ሴል ለማስገባት ከምንጠቀምባቸው ቫይረሶች አንዱ ነው። «እንዳትደፊ፣ እስከ ሐሙስ ጠብቂ» አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ፎቶ ላከች። ሴሎቹ ያሉበት ፕሌት አረንጓዴ ሆኗል።

ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ሰው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። 24 ወይም 48 ሰዓት ብለን እንድንገላግለው ይፈልጋል። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሄደ ግን ወይ ደህናውን ሴል ይደፋል፣ ወይ ገና ያልደረሰ ውጤት መዝግቦ በዚያ ላይ ሙሉ ጥናት ይገነባል። ስለዚህ ቁጥሮቹን እነግራችኋለሁ፣ ግን ከቁጥሩ በፊት እየጠበቃችሁ ያላችሁት ምን እንደሆነ እንነጋገር።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው፦ እዚህ ላይ የምናወራው በሽታ ስለሚያመጣ ቫይረስ አይደለም። የራሱ መራቢያ ጂኖች ወጥተውለት በምትኩ እኛ የምንፈልገው ጂን ስለገባበት ተሸካሚ ነው፤ ቬክተር እንለዋለን። ብዙዎቻችን በክንዳችን ተቀብለነዋል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ መሰጠት የጀመረው የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት ከቺምፓንዚ የተገኘ፣ መራባት እንዳይችል የተደረገ አዴኖቫይረስ ነው። የያዘው የኮሮና ቫይረስን የላይኛውን ፕሮቲን ጂን ነው። ፕሮቲኑን የሠሩት የራሳችን ሴሎች ናቸው። እኛ ፕሌት ላይ የምናደርገውም ያንኑ ነው። ጂኑ መሥራቱን በዓይን ለማየት ብዙ ጊዜ የምናስገባው የሚያበራ ፕሮቲን ጂን ነው።

አራት መጠበቂያዎች

ቫይረሱ ሚዲያው ውስጥ፣ ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ እስከምታዩት ብርሃን ድረስ አራት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። መጀመሪያ ቫይረሱ ከሴሉ ጋር መገናኘትና መግባት አለበት። ቀጥሎ የያዘው ጂን ሴሉ ሊያነበው ወደሚችል ዲኤንኤ መለወጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ጂኑ የሥራ ቅጂው ወደሆነው ኤምአርኤንኤ፣ ኤምአርኤንኤው ወደ ፕሮቲን ይገለበጣል። አራተኛ፣ ፕሮቲኑ መብሰልና መጠራቀም አለበት።

ብዙ ሰው ጊዜ የሚፈጀው ሦስተኛው ይመስለዋል። አይደለም። ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን፣ ራይቦዞም፣ በሰከንድ አምስት ገደማ አሚኖ አሲድ ይገጣጥማል። አረንጓዴው ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒ የምንለው፣ 238 አሚኖ አሲድ ነው። አስሉት፤ አንዱን ሞለኪውል ለመሥራት አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ታዲያ ለምን ቀናት እንጠብቃለን? የምንጠብቀው ሁለተኛውንና አራተኛውን ነው። ሁለተኛው የቫይረሱ ጉዳይ ነው፤ አራተኛው ደግሞ የፕሮቲኑ። ሁለቱን ለያይቶ ያየ ሰው ለየትኛውም ቬክተር የጊዜ ሰሌዳ በራሱ ማውጣት ይችላል።

የቫይረሱ ሰዓት

አዴኖቫይረስ ፈጣን ነው። ይዞ የሚመጣው ባለ ሁለት ዘንግ ዲኤንኤ ስለሆነ ኒውክለስ ሲደርስ ሴሉ ወዲያው ያነበዋል። ኤምአርኤንኤው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገኛል፣ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ይታያል፣ ጥሩ የሚባለው መጠን በ48 ሰዓት ዙሪያ ይመጣል። ነገር ግን ዲኤንኤው ከሴሉ ክሮሞዞም ጋር አይቀላቀልም። ሴሉ ሲከፈል አብሮ አይባዛም። ስለዚህ በሚራቡ ሴሎች ላይ ከጥቂት ቀናት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። አዴኖ ላይ መዘግየትም ስህተት ነው ማለት ነው።

ሌንቲቫይረስ መካከለኛ ነው። የሚይዘው አርኤንኤ ነው። መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ከዚያ ክሮሞዞሙ ውስጥ ይሰካል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የመጀመሪያውን አንድ ቀን ይፈጃል። እውነተኛ ምርት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው መታየት ይጀምራል። ለመለካት ግን 72 ሰዓት ብትጠብቁ ይሻላል። አንዴ ከተሰካ ከሴሉ ጋር ስለሚባዛ ለሳምንታት ይቆያል። ጂኑ ያልገባላቸውን ሴሎች በሚገድለው በፒውሮማይሲን የምትመርጡ ከሆነ መድኃኒቱን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሩ። ቀድማችሁ ከጨመራችሁት መቋቋሚያው ፕሮቲን ገና ስላልተሠራ የተሳካላቸውንም ሴሎች ትገድላላችሁ። መጠኑን ደግሞ ቫይረስ ባልነካቸው ሴሎች ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩ። የሌላ ሰው መጠን አትዋሱ።

የቆየው ሬትሮቫይረስ፣ ከአይጥ ሉኪሚያ ቫይረስ የተሠራው፣ ሰዓቱ ከሌንቲ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ሴሉ ካልተከፈለ ወደ ኒውክለሱ መግባት አለመቻሉ ነው። የማይራባ ሴል ላይ ብትጠብቁት አይመጣም።

ኤኤቪ ዘገምተኛ ነው። የተማሪዋ ጉዳይ ይሄ ነበር። የሚይዘው ባለ አንድ ዘንግ ዲኤንኤ ነው፤ ሴሉ ሁለተኛውን ዘንግ እስኪሠራለት ድረስ ጂኑ አይነበብም። ሽፋኑን አውልቆ ለመውጣትም ጊዜ ይወስዳል። ፕሌት ላይ ባሉ ሴሎች ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ ነው መታየት የሚጀምረው። ለመለካት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ፣ በነርቭ ሴሎች ላይ ሁለት ሳምንት ድረስም ይሄዳል። በእንስሳ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። የራሱን ሁለተኛ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ዓይነት ኤኤቪ አለ። እሱ ይፈጥናል፣ ግን የሚሸከመው ጂን በግማሽ ይቀንሳል። መደበኛው 4.7 ኪሎቤዝ ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ትልቅ ጂን ያለው ሰው ይሄን ፍጥነት ማግኘት አይችልም።

ባኩሎቫይረስ በነፍሳት ሴል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሴሎቹ የሚያድጉት በ27 ዲግሪ ነው፣ የተለመደው ፕሮሞተርም፣ ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል፣ የሚነሳው በኢንፌክሽኑ መጨረሻ ላይ ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሰብስቡ። ከዚያ ካለፈ ሴሎቹ እየፈረሱ ፕሮቲኑን ራሳቸው ይቆራርጡታል።

ሮቶው

አሁን ወደ አራተኛው መጠበቂያ እንምጣ። ጽሑፉን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጅማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ሮቶ ማብራራት አያስፈልገኝም። ሮቶው ከታች የምታንጠባጥብ ቀዳዳ አላት እንበል። ከላይ ቧንቧው በእኩል ፍጥነት ይሞላል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ጨምሮ ከታች የሚፈሰውም ይበዛል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ከፍ አይልም። ሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ቧንቧው ጂኑ ነው፣ ቀዳዳዋ ደግሞ ሴሉ ፕሮቲኑን የሚያፈርስበት ፍጥነት ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጣሪያው ላይ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ቧንቧው አይደለም፤ ቀዳዳዋ ናት። ጠንካራ ፕሮሞተር ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ቶሎ አያደርሳችሁም። ጊዜውን የሚወስነው የፕሮቲኑ ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ማለትም ካለው ፕሮቲን ግማሹ ለመፍረስ የሚፈጅበት ጊዜ። አንድ ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ የጣሪያውን 50 በመቶ፣ ሁለት ሲያልፍ 75፣ ሦስት ሲያልፍ 87.5፣ አራት ሲያልፍ 94 በመቶ ገደማ ትደርሳላችሁ።

በቁጥር እንየው። ጂኤፍፒ በሴል ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 26 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ምርቱ ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ቢነሳ እንኳ፣ 87.5 በመቶ ላይ ለመድረስ 78 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ከሚያበራው ጥንዚዛ የተገኘው አብሪ ኢንዛይም፣ ሉሲፌሬዝ፣ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው ግማሽ ዕድሜው። በ12 ሰዓት 94 በመቶ ላይ ነው። ቫይረሱ ያው፣ ፕሮሞተሩ ያው፣ ሴሉ ያው፤ አንዱ በግማሽ ቀን ያልቃል ሌላው ሦስት ቀን ይወጣል። በሉሲፌሬዝ የተለካን ሰዓት ወስዳችሁ ለራሳችሁ ፕሮቲን አትጠቀሙበት።

ሴሎቹ የሚራቡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ፕሮቲኑም ለሁለት ይካፈላል። ላብራቶሪ ውስጥ የተለመዱት ከሰው ኩላሊት የመጡ ኤችኢኬ 293 ሴሎች በየ24 ሰዓቱ ገደማ ይከፈላሉ። ይህን ከጂኤፍፒው 26 ሰዓት ጋር አብራችሁ ስታሰሉት፣ የሚደመረው ሰዓቱ ሳይሆን የመፍሰሻው ፍጥነት ስለሆነ፣ በአንድ ሴል ውስጥ ያለው መጠን በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጋመሳል። ጣሪያው ይቀንሳል፣ መድረሻውም ይፈጥናል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚራባ ሴል ላይ ብርሃኑ ቶሎ ደርሶ ደብዘዝ የሚለው፣ የማይከፈል ነርቭ ሴል ላይ ግን እያደር እየደመቀ የሚሄደው።

መብሰሉንም አትርሱት። ጂኤፍፒ ተሠርቶ እንዳለቀ አያበራም። ውስጡ ያለው የሚያበራው ክፍል በኦክስጅን ታግዞ መሠራት አለበት። ለዘመናዊው ጂኤፍፒ ይህ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፣ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ቀይ ፕሮቲን፣ ዲኤስሬድ፣ ግን እስኪበስል ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን የምታወዳድሩ ሰዎች ቀዩ ዘገየ ብላችሁ ፕሮሞተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የትኛው ቀይ እንደሆነ አረጋግጡ።

ሙከራውን እንዴት እናዘጋጀው

ከዋናው ሥራ በፊት የራሳችሁን የጊዜ ሙከራ አንዴ ሥሩ። አንድ ሳምንት ይወስዳል፣ ብዙ ወር ያተርፋል። ለአዴኖ 6፣ 12፣ 24፣ 48 እና 72 ሰዓት ያዙ። ለሌንቲ 12፣ 24፣ 48፣ 72 እና 96። ለኤኤቪ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና ከተቻለ 10 ቀን።

ናሙናውን በየሰዓቱ እየተነሱ መሰብሰብ አድካሚ ነው፣ በዚያ ላይ እያንዳንዱ በተለያየ ቀን ሲለካ ውጤቱ ይዘበራረቃል። እኔ የምመርጠው ወደኋላ መቁጠርን ነው። የመሰብሰቢያውን ቀን አንድ አድርጉና ቫይረሱን በተለያየ ቀን ጨምሩ። ለምሳሌ የምትሰበስቡት ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ነው እንበል። የ96 ሰዓቱ ዌል፣ ከፕሌቱ ጉድጓዶች አንዱ፣ ቫይረሱን የሚያገኘው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የ72ቱ ማክሰኞ፣ የ48ቱ ረቡዕ፣ የ24ቱ ሐሙስ ጠዋት በዚያው ሰዓት። የ12ቱ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት። ዓርብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታወጣላችሁ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ቅንብር ታነሳላችሁ፣ በአንድ ጄል ላይ ታወርዳላችሁ።

ይሄ ዘዴ አንድ ዋጋ አለው። ሴሎቹን ሁሉ እሁድ ከዘራችኋቸው የሐሙሱ ዌል በአራት ቀን ብዙ እጥፍ ሆኗል። ያንኑ የቫይረስ መጠን ብትሰጡት ለአንድ ሴል የሚደርሰው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዌል ቫይረሱ ከሚገባበት ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ዝሩ። ረጅም ለሚቆዩት ሳሳ አድርጉ። አንድ ትርፍ ዌል ጨምሩበትና ቫይረሱን በምትጨምሩበት ሰዓት እሱን አንስታችሁ ሴሉን ቁጠሩ። በገመታችሁት ሳይሆን በቆጠራችሁት አስሉ።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር ልበል። ለአንድ ሴል ስንት ቫይረስ እንደሚደርስ ኤምኦአይ ይባላል። ኤምኦአይ 1 ማለት እያንዳንዱ ሴል አንድ አንድ አገኘ ማለት አይደለም። ዕጣ ነው። አንዱ ሁለት ያገኛል፣ ሌላው ምንም። በ1 ላይ 63 በመቶው ሴል ቢያንስ አንድ ያገኛል፣ 37 በመቶው ባዶ ይቀራል። በ3 ላይ 95 በመቶ ይደርሳል። በ0.3 ላይ 26 በመቶ። ኤምኦአይ ስትጨምሩ ብርሃኑ ቀድሞ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን ቧንቧዎቹ መብዛታቸው ነው፣ የእያንዳንዱ ቫይረስ ሰዓት አልፈጠነም። በሁለት ኤምኦአይ የተሠሩ ሁለት ሙከራዎችን ሰዓት አታወዳድሩ። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሴሉ ይታመማል፣ የታመመ ሴል በራሱ ጊዜ ያበራል፣ ያንን ደግሞ ፕሮቲን ነው ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ዜሮ ሰዓት መቼ እንደሆነም ከወዲሁ ወስኑ። ዜሮ ቫይረሱ ሴሉን የነካበት ደቂቃ ነው። ሌንቲ ላይ ከ16 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ሚዲያ እንቀይራለን። አንዳንዱ ከዚያ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያው። የሁለቱ ልዩነት እስከ አንድ ሙሉ ቀን ይደርሳል።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ

ይሄ በአብዛኛው የእኛ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ቦታ ብዙም አታገኙትም። እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ውጭ አገር ስሠራ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቫይረስ ጨመርኩና ደብተሬ ላይ በልማዴ «9:00» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በማግስቱ ክፍል ስለነበረኝ የላቦራቶሪው ባልደረባዬ ሊሰበስብልኝ ተስማማ። ደብተሬን አይቶ ማክሰኞ በእነሱ 9:00፣ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የ24 ሰዓቱን ናሙና ሰበሰበ። 18 ሰዓት ብቻ ነበር የሞላው። ውጤቱ ደካማ ሆነብን፣ ቫይረሱን ጠረጠርን፣ አዲስ ቫይረስ አዘዝን። ስህተቱን ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ የማይክሮስኮፑን ፋይል ሰዓት ከደብተሩ ጋር ሳመሳክር ነው። በጣም አዘንኩ። የባከነው ሴልና ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የባልደረባዬን ሥራም ያለጥፋቱ ተጠራጥሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የማስተምረው እንዲህ ነው። ፕሌቱ ክዳን ላይና ደብተሩ ላይ የሚጻፈው በመሣሪያው ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ 15:00 ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፤ መሣሪያው በፈረንጅ የሚቆጥር ከሆነ በፈረንጅ። ከጎኑ ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ያለፈውን ሰዓት ጻፉ፣ «+18» ብላችሁ። ይህ ሦስተኛው ቁጥር የትም አገር አይሳሳትም።

የሚያታልል ብርሃን

ሌንቲ ላይ ከ12 ሰዓት በፊት አረንጓዴ ካያችሁ ገና አትደሰቱ። ቫይረሱ ሲመረት ቀድሞ የተሠራ ጂኤፍፒ ከቅንጣቶቹ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ ወይም ያልጸዳ ፕላዝሚድ፣ ቫይረሱን ለማምረት የሚያገለግለው ክብ ዲኤንኤ፣ አብሮ ይገባል። በመጀመሪያው ሴሉ ገና ምንም አልሠራም፣ ተቀብሎ ብቻ ነው የሚያበራው፤ በሁለተኛውም የሠራው ከተሰካ ጂን አይደለም። ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የግልበጣውን ኢንዛይም፣ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚለውጠውን፣ የሚያግድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዚዶቩዲን፣ ያለበት አንድ ዌል ማዘጋጀት ነው። መድኃኒቱን ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ጨምሩ። እዚያም አረንጓዴ ካለ የመጣው ከውጭ ነው። ሁለተኛው መታገስ ነው። ሴሎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ ፕሌት እያዘዋወራችሁ በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን እዩአቸው። ውሸተኛው እየጠፋ ይሄዳል፣ የተሰካው ይቆያል።

ለተማሪዎቼ የምላቸው፣ ቡና ላይ በአቦል ብቻ ተነስቶ አይኬድም። ቶናና በረካ እስኪወርዱ ይጠበቃል። የቫይረስ ብርሃንንም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳታዩ አትወስኑ፤ ሲጀምር፣ ሲያድግ፣ ሲረጋ።

ያለ ቫይረስ የቆየ ዌልና ባዶ ቫይረስ ያገኘ ዌል በየሰዓቱ ጎን ለጎን ይኑሩ። አንድ ዜሮ ብቻ አይበቃም፤ የ96 ሰዓት ሴል የራሱ የ96 ሰዓት ንጽጽር ያስፈልገዋል።

ኤምአርኤንኤ በፒሲአር የምትለኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። አዴኖና ኤኤቪ ላይ የቫይረሱ ዲኤንኤ ራሱ ናሙናው ውስጥ አለ፣ ፒሲአሩ እሱንም ያበዛዋል። በ6 ሰዓት ትልቅ ምርት ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ናሙናውን ዲኤንኤን በሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ በዲኤንኤዝ፣ አጽዱት፣ የግልበጣ ኢንዛይም ያልገባበትን ንጽጽርም አብራችሁ አሂዱ።

ፕሮቲናችሁ ወደ ሚዲያው የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሚዲያው ውስጥ የምታገኙት የእስካሁኑን ድምር ነው። ከመሰብሰባችሁ 24 ሰዓት በፊት ሚዲያውን ቀይሩ። ያኔ የምትለኩት የአንድ ቀን ምርት ይሆናል፣ ቀኖቹንም ማወዳደር ትችላላችሁ።

መቼ ነው ደርሷል የምንለው

ሁለት ተከታታይ ሰዓቶች ላይ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነና ሴሎቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ መስኮታችሁ እዚያ ነው። ከፍተኛውን ነጥብ አትፈልጉ። ከፍተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ሴሉ መታመም ከሚጀምርበት ጋር ይገጥማል። መስኮቱን ያገኛችሁት በጂኤፍፒ ከሆነ በራሳችሁ ፕሮቲን በዌስተርን ብሎት፣ አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ አረጋግጡ። ሁለቱ በአንድ ኤምአርኤንኤ ላይ ተጽፈው ቢሆን እንኳ የሚጀምሩት አብረው ነው እንጂ የሚጠራቀሙት ለየብቻ ነው። ቀዳዳቸው የተለያየ ነው።

በሌንቲ ጂን ለማጥፋት የምትሠሩ ሰዎች ሮቶውን ገልብጡት። ቧንቧውን ዘጋችሁ ማለት ነው፤ የነበረው ውሃ ግን እስኪፈስ ይጠበቃል። ኤምአርኤንኤው በሁለት ቀን ወርዶ ፕሮቲኑ በአራተኛውም ቀን ላይ እንዳለ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ረጅም ከሆነ ፕሮቲን ጋር እየሠራችሁ በ48 ሰዓት «አልሠራም» አትበሉ።

መስኮቱ ካለፈ በኋላም ምንም ከሌለ፣ ያኔ መጠርጠር ትችላላችሁ። ያንኑ ቫይረስ ኤችኢኬ 293 ላይ ሞክሩ። እዚያ ካበራ ችግሩ የሴላችሁ ነው። ቻይኒዝ ሃምስተር ኦቫሪ ሴሎች ለምሳሌ አዴኖቫይረስ 5 የሚይዝበት መቀበያ የላቸውም። ኤኤቪ 9 በእንስሳ ውስጥ ጎበዝ ነው፣ ፕሌት ላይ ግን ደካማ። ሲኤምቪ የሚባለው ጠንካራ ፕሮሞተር በግንድ ሴሎች ውስጥ ይዘጋል፤ እዚያ ኢኤፍ1 አልፋ የሚባለው ፕሮሞተር ይሻላል። ኤችኢኬ ላይም ካላበራ ቫይረሱ ነው፣ ምናልባትም መንገድ ላይ ሞቷል።

መንገድ ካልኩ አይቀር፣ እዚህ አገር ለምትሠሩ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌንቲ ቀልጦ ዳግም ሲቀዘቅዝ ብዙ ኃይሉን ያጣል። በትናንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ በደረቅ በረዶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፣ ሲደርስ ወዲያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሆነ ማቀዝቀዣ አስገቡት፣ አንዱን ቱቦ ለምርመራ መድቡ። ሲላክ የነበረው የቫይረስ ቁጥር ሳይሆን ሲደርስ ያለው ነው የሚቆጠረው። መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፣ ሙቀቱን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። ሴል ሲቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል፣ ሌሊት ለብዙ ሰዓት ቀዝቅዞ ያደረ ፕሌት ላይ የደብተራችሁ +48 የሴሉ +48 አይደለም። እንዲህ ያለ ፕሌት ባይቆጠር ይሻላል።

ስለ ጥንቃቄ ደግሞ አጭር ነገር። እነዚህ ቫይረሶች ሰውነታችን ውስጥ አይራቡም፣ ግን እጃችሁ ላይ ያለ ሴል ውስጥም መግባት ይችላሉ። ሥራው በሁለተኛ ደረጃ የደኅንነት ክፍል፣ በካቢኔት ውስጥ፣ በጓንት ነው። አልኮል ሌንቲን ይገድላል፤ የስብ ሽፋን ስላለው። አዴኖና ኤኤቪ ያ ሽፋን የላቸውም፣ አልኮል ላይ አትተማመኑ። በዕለቱ የተበጠበጠ 10 በመቶ በረኪና ተጠቀሙ።

ተማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሌንቲ ትጀምራለች። ዕቅዷን ትናንት ልካልኝ ነበር። ሰኞ 09:00 የመጀመሪያው ዌል፣ ዓርብ 09:00 መሰብሰቢያ፣ ዚዶቩዲን ያለበት ዌል አለ፣ ትርፍ መቁጠሪያ ዌልም አለ። አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኳት፤ ዓርብ ሁሉንም ሰብስባ እንዳትጨርስ፣ አንድ ዌል ለአሥረኛው ቀን እንድታስቀር።